ሰባት ፓውንድ ሽሮ የተሸከመው ምላጭ

«ሌላ ሽሮ ጨምር» አለኝ ጋሼ ወንድይራድ።

ጨመርኩ። አምስተኛው ፓኬት ነው። ፌስታሉ ተወጠረ፣ ሲባጎው ተወጠረ፣ ምላጩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሌላ።»

ስድስተኛውን ጨመርኩ። ጠመንጃው በወጥ ቤት ፎጣ ተጠቅልሎ፣ በሞርሳው የብረት መንጋጋ ተይዞ፣ አፈሙዙን ወደ ጣሪያ አድርጎ ቆሟል። ምላጩ ላይ በሲባጎ የታሰረ ፌስታል ተንጠልጥሏል፣ ፌስታሉ ውስጥ ስድስት ፓውንድ ሽሮ አለ፣ እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም። እህቴ አቢጋኤል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

«አቢዬ፣ በዚች የክብሪት እንጨት በምታክል ጣትሽ ነው ይሄን የምትስቢው?» አላት ጋሼ።

«አዎ።»

«ክብደት ማንሳት ብትገቢ ይሻልሽ ነበር እኮ። እዚያ ቢያንስ ያጨበጭቡልሻል።»

ሰባተኛው ሲገባ ምላጩ ቀጭ አለ። ጋሼ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና እኔን አየኝ፣ አቢን አያት፣ ፌስታሉን አየው።

«ሰባት ፓውንድ» አለ። «በዚህ ሽሮ አንድ ድግስ ይወጣል።»

«ሽሮዬን ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች እትዬ የምሥራች ከፊት ከሱቁ።

«እየመዘንነው ነው።»

«ተመዝኖ ነው የታሸገው።»

«እሱን ነው የምናጣራው» አለ ጋሼ፣ እኔን በክርኑ ጎሸም እያደረገ።

ኦኬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ የእትዬ የምሥራች ነው። እኔ ከኮሌጅ ስወጣ እዚያ ዕቃ እደረድራለሁ። ጋሼ ወንድይራድ ባሏ ነው። ሃውቶርን ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ዕቃ ሲቀርጽ ኖሮ ሪታየር ያደረገ ማሽኒስት ነው፤ ሪታየር ያደረገው ግን በወረቀት ብቻ ነው። የሱቁን ጓዳ ወስዶ ሞርሳውን ተከለበትና የሰፈሩን ሰው የስፌት መኪና፣ ሰዓት፣ ብሌንደር ይጠግናል። መጀመሪያ ያሾፍባችኋል፣ ከዚያ ይሠራላችኋል። የመጀመሪያውን ሳትቀበሉ ሁለተኛውን አታገኙም።

አቢ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አባት የልጆች የዒላማ ተኩስ ክለብ ያሠለጥናል፣ አንድ ቅዳሜ ይዟት ሄደ፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ስለሌላ ነገር አውርታ አታውቅም። አባዬ ትዌንቲ ቱ የምትባለዋን ትንሿን ጥይት የሚጎርስ፣ ለልጅ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ ገዝቶ በስሙ አደረገው። አባዬ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ቅዳሜ ሁሌ ሌላ ስቴት ነው። ሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ወዳለው ሜዳ ድራይቭ የማደርጋት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ነው የሚተኩሱት። መሐሉ ላይ ያለችው ነጥብ የምስር ፍሬ ታክላለች። እኔ ወረቀቱ ራሱ አይታየኝም።

የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ግን ልምምድ አይደለም። ክለቡ ለስቴት ውድድር አራት ልጅ ይመርጣል፣ አቢ አምስተኛ ናት። በሁለት ነጥብ ተበልጣ። ከባድ ምላጭ ስትስብ ጠመንጃው አብሮ ይሳባል፣ ጥይቷ ወደ ጎን ይሄዳል። አሠልጣኟ «ልጅቷ አይደለችም፣ ምላጩ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይየው» አለኝ። እኔ የማውቀው የሚያውቅ ሰው ጋሼ ነው፣ ሶ ረቡዕ ዕለት በተቆለፈ ሳጥኑ ይዘነው መጣን።

ጥይት ይዘን አልመጣንም። ጋሼ ግን ቦልቱን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት፣ ከፍቶ ባዶነቱን ራሱ አየ፣ እኔን አሳየኝ፣ አቢን አሳያት፣ እንደገና ራሱ አየ። ከዚያ መምቻው ብረት እንዳይጎዳ የተተኮሰች ባዶ ቀለህ አጎረሰውና ሽሮ አምጣ አለኝ። ሚዛን የለህም ወይ ስለው «አለኝ፣ ሽሮ ግን አይዋሽም» አለ።

ሰባቱን ፓኬት ካወረድን በኋላ ሁለት ብሎን ፈታ፣ ብረቱን ከእንጨቱ አወጣ፣ ምላጩ የተቀመጠበትን ቤት በእጅ ባትሪ አየው። በስቴኪኒ ከውስጡ አንድ ቢጫ ቡናማ፣ እንደ ማር የሚሳብ ነገር አወጣ። አሸተተው። እንደገና አሸተተው።

«ማነው ሰላጣ የሠራበት?» አለ።

እኔና አቢ ተያየን።

«የወይራ ዘይት ነው። ሲቆይ እንዲህ ይሆናል፣ የድስት ክዳን ላይ እንደሚደርቀው። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ሙጫ ነው። የመሣሪያ ዘይት ስታጡ ከወጥ ቤት ወሰዳችሁ?»

«እኛ አይደለንም» አለች አቢ።

«ታዲያ ማነው?»

«እማዬ ናት» አልኩ።

እናቴን ዶርቃን የማያውቅ ፌርፋክስ ላይ የለም፣ የማታውቋት ካላችሁ ግን፣ እኛ ጴንጤ ነን፣ እና እማዬ ፓስተሩ የጸለየበት ዘይት በትንሽ ጠርሙስ አላት። የማትቀባው ነገር የለም። የአባዬን ትራክ ጎማ አሥራ ስምንቱንም አንድ በአንድ ቀብታለች። ለፋይናል ኤግዛም የኔን ላፕቶፕ ቀባች፤ ፈተናውን አለፍኩ፣ ኤም የምትለዋ ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ ትጣበቃለች፣ ኢሜይል ስጽፍ ኤም የሌለበት ቃል ነው የምመርጠው። ጠመንጃው ቤት ሲገባ ደግሞ ያስቀመጠችው ሕግ አንድ ነው። ሳይጸለይበትና ሳይቀባ ከቤት አይወጣም። ሶ ሰባት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ጧት ትጸልያለች፣ ምላጩ ላይ ጠብ ታደርጋለች። እኛ ከላይ ከላዩን እንጠርገዋለን። ወደ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን አሰበ?

ጋሼ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ። ትከሻው ከዳው።

«እናንተ ጴንጤዎች» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እኛ ኦርቶዶክሶቹ ብንሆን ፀበል ረጭተንበት ይዝግ ነበር። እናንተ ጠበሳችሁት።»

«እንዳትስቅባት» አለች አቢ።

«በሷ አይደለም። በምላጩ ነው።»

ግን ሥራ ሲጀምር ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ በተርታ ደረደረ፣ በማጽጃ ነክሮ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፣ እየደጋገመ ብርሃን ላይ አየ። አቢ ባትሪውን ያዘችለት። እጇ ሲንቀጠቀጥ «አሁን ብቻ ነው ወይስ ስትተኩሺም ነው?» ይላታል፣ እሷ ትስቃለች፣ ባትሪው ይብስበታል። በመጨረሻ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የመሣሪያ ዘይት ነካ አደረገበት፣ ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ የተወውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ አላላውና ገጠመው።

ሽሮ እንደገና። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ገባ፣ ያዘ። ጋሼ ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ከላይ ጣል አደረገበት። ቀጭ።

«ነይ ያዥው» አላት።

አቢ ያዘች፣ ተስተካከለች፣ ትንፋሿን ለቀቀች። ቀጭ አለ። ቀና ብላ አየችን።

«መቼ ሄደ?»

«ሄደ እኮ።»

«እኔ ገና ልስበው ነበር።»

«እንደሱ ነው መሆን ያለበት።»

ፊቷን ብታዩት። ከዚያ ወዲያው ስግብግብ ሆነች። «ጋሼ፣ ሁለት ሽሮ አድርግልኝ።»

«ሦስት።»

«ሁለት ተኩል።»

«ገበያ የወጣሽ መሰለሽ? የክለብሽ ሕግ ከሦስት በታች አይልም፣ የኔም አይልም። የልጅ ጠመንጃ ሲስቡት ነው መሄድ ያለበት፣ ሲያስነጥሱ አይደለም።»

ከዚያ መሳቁን ተወና እጁን እየጠረገ «ተራራው ላይ ጧት ስንት ዲግሪ ነው?» አለኝ።

«በፋረንሃይት ፎርቲ ምናምን፣ ብርድ ነው። ባለፈው ሳምንት የመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ነበር።»

«የወይራ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይረጋል። ቅዳሜ ጧት አንድ ጠብታ እዚህ ውስጥ ከገባች ቤታችሁ ሦስት ሽሮ ነው፣ ተራራው ላይ አምስት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ አራት ነው። ሰባትን ትለምጂዋለሽ። በየተኩሱ የሚለዋወጥ ነገር ግን አይለመድም።» ሳጥኑን ዘጋና ሰጠኝ። «ለእናታችሁ ንገሯት።»

መኪና ውስጥ ከፌርፋክስ እስከ ቤታችን እስከ ክሬንሾው የተነጋገርነው ማን ይንገራት የሚለውን ብቻ ነው።

«አንተ ትልቅ ነህ» አለች አቢ።

«አንቺ ነሽ ተኳሿ።»

«አንተ ነህ ሁሌ ለእማዬ ሁሉንም ነገር መንገር እችላለሁ የምትለው።»

እሱን ብዬ ነበር፣ እውነቷን ነው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሐሙስ ማታ እማዬ ከሥራ መጣች። ዌስትውድ ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፣ ስትመጣ ደክሟት ነው፣ ግን ምግብ ላይ ወሬ ትወዳለች። ለእራት የነበረው ደግሞ፣ አልቀለድኩም፣ ሽሮ ነው። አቢ ሳህኗን አይታ መሳቅ ጀመረች፣ ወደ ሌላ ክፍል ሄዳ ተመለሰች።

«እማ፣ ጋሼ ወንድይራድ ጠመንጃውን አየልን» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይባርካቸው። ምን አሉ?» እማዬ ጋሼን አንቱ ነው የምትለው፣ በሌለበትም።

«ምላጩ ውስጥ ብዙ ዘይት አለ አለ።»

«እሰይ» አለች።

ምን ትላላችሁ እዚህ ላይ? እንደገና ጀመርኩ። «ማለቴ፣ እንጨቱን ብትቀቢውስ? ሰደፉን። ቦታውም ሰፊ ነው።»

«እንጨቱ ምን አደረገ?» አለች። «ካሌብ፣ ጣቷ የሚያርፈው የት ላይ ነው?»

«ምላጩ ላይ።»

«ሶ?»

እናቴ ሶ የምትለው ክርክር ስታሸንፍ ብቻ ነው። አቢ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፣ ቀጥል ማለቷ ነው። ልቀጥል አፌን ስከፍት እማዬ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«እናንተ ያንን ሳጥን ስታዩ ስፖርት ነው የሚታያችሁ» አለች። «እኔ መሣሪያ ያየሁት በስፖርት አይደለም። አባትህ ስለለመነኝ እሺ ያልኩ ይመስልሃል? እጄን አስቀምጬበት፣ ቀብቼው፣ ይሄ ያንተ ነው ጌታ ሆይ ካላልኩት ልጄን ከሱ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ማስገባት አልችልም። አንድ ቅዳሜ ሳልቀባው ልትወጡ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ደረጃው ላይ ነው የመለስኳችሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ወደ አምስተኛ ወጣች። እኔ ዝም ብዬ አይደለም የምቀባው።»

አቢ እግሯን ከእግሬ ላይ አነሳች።

«ሽሮው ቀዘቀዘብህ፣ ብላ» አለችኝ እማዬ። በላሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አርብ ሱቅ ስገባ ለጋሼ ነገርኩት። የአንዱን ሰው የእጅ ሰዓት ከፍቶ ነበር፣ ቀና ሳይል ሰማኝ።

«እኔ ልንገራት?»

«አንተ ኦርቶዶክሱ ስለ ዘይት ለእማዬ?»

«ልክ ነህ» አለ። «እኔንም ከጠመንጃው ጋር በጸሎት ታስረኛለች።» ከዚያ «የእናትህ ጠርሙስ ምን ታክላለች?» አለኝ።

«አውራ ጣት።»

«ቀለሙስ?»

«ቢጫ ነዋ፣ ዘይት።»

ተነስቶ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አወረደ። ስስ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የአውሮፕላን ዘይት ነው፣ ሽታ የለውም። በሲሪንጅ ቀድቶ አንዲት ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ሞላው፣ ብርሃን ላይ ያዘው፣ ደስ አለው። «ይሄ ሠላሳ ሺህ ጫማ ላይ አይረጋም። እሷ ትጸልይ፣ እሷ ትቀባ፣ ምላጩም ይጠጣ። ማን ተጎዳ?»

እትዬ የምሥራች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላየንም።

«ወንድይራድ» አለች፣ «የኔን ፀበል ደብቀህ በቧንቧ ውኃ ብትቀይርብኝ ምን የሚሆን ይመስልሃል?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ጋሼ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ። የከፈተውን ሰዓት ክዳን መልሶ ገጠመ። «አልጋዬን ከሞርሳው አጠገብ የምታነጥፊልኝ ይመስለኛል» አለ።

«ትራስ አልሰጥህም።»

«ይኸው፣ ትራስ አትሰጠኝም» አለኝና ጠርሙሷን ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። «ያዛት። መያዝ መቀየር አይደለም። ቆርጠህ የምትወስነው አንተ ነህ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ትራሴን እወዳለሁ።»

እትዬ ጠርሙሷን ኪሴ ውስጥ ስከት አየችኝ። ያ አስተያየት ከብዙ ንግግር ይከብዳል።

ለአቢ ነገርኳት። በደስታ የምትዘል መስሎኝ ነበር፣ መፍትሔ ነዋ። እሷ ግን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሰበችና «እማዬ ግንባሬን የምትቀባው በዚያችው ጠርሙስ ነው እኮ» አለች።

«አንድ ቀን የአውሮፕላን ዘይት ብትቀቢ ምን ይልሻል? ትበሪያለሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አለቀ። «እሷ ዓይኗን ጨፍና እየጸለየች እኔ እያወቅኩ አሜን ልበል?»

«ታዲያ እውነቱን ንገሪያት።»

«ከነገርናት አንሄድም።»

«ታዲያ ዝም በይና በእማዬ ዘይት ተኩሺ።»

«አምስተኛ መሆን አልፈልግም፣ ካሌብ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እኔ አቢን አሥራ አራት ዓመት ሳሾፍባት ነው የኖርኩት፣ ያን ጊዜ ግን የማሾፍበት ነገር አላገኘሁም።

ቅዳሜ ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። መኪናውን ስታርት አድርጌ ሂተሩን ከፍቼ ተመለስኩ። አቢ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ሳሎን ቆማለች። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ ጠመንጃው ቦልቱ ወጥቶ ተኝቷል። እማዬ ሻሿን አስራ ወጣች፣ እኛን ስትሸኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የመውጫ ጫማ አድርጋለች።

«ዛሬ እኔም እመጣለሁ» አለች። «ፈቃድ ወስጃለሁ። ልጄ ስትመረጥ ልይ እንጂ።»

አቢ አየችኝ። እኔ የቤቱን ምንጣፍ አየሁ።

«በትልቅ ቀን ደግሞ ትንሽ ጨመር ነው» አለች እማዬ፣ እጇን ጠመንጃው ላይ እያስቀመጠች። «ሦስት ጠብታ አደርግበታለሁ። ካሌብዬ፣ ዘይቱን ከመሳቢያው አምጣልኝ።»

ወጥ ቤት ገባሁ። መሳቢያውን ሳብኩት። የእማዬ ጠርሙስ አለች፣ አንገቷ ላይ የእማዬ ጣት አሻራ ያለባት። የጋሼን ከኪሴ አወጣኋት። አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ቢጫ፣ ሁለቱም መዳፌ ላይ። ከሳሎን «ጌታ ሆይ፣ ይቺን ጣት አንተ ያዛት» ስትል ይሰማኛል፣ ጀምራለች። እውነቱን አሁን ብናገር ሳጥኑ ተዘግቶ ይቀራል፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ አቢም ዓመቱን ሙሉ አምስተኛ ናት። የእማዬን ይዤ ብወጣ አቢ ተራራው ላይ በየተኩሱ ሌላ ምላጭ ትስባለች፣ እማዬም ከኋላ ቆማ ታያለች፣ ለምን እንደሳተች ሳታውቅ። የጋሼን ይዤ ብወጣ ምላጩ ሦስት ሽሮ ነው፣ አቢ ምናልባት ትመረጣለች፣ እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና ያመነችው ነገር ውስጥ እኔ እጄን ከትቻለሁ።

«ካሌብ፣ አጣኸው እንዴ?» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ይዛችሁ ትወጡ ነበር?